የገጠመኝ ጥያቄና የመልሱ ቋንቋ፤ በጤና ትምህርት ፈተና የቃላት አጠቃቀም ላይ የቀረበ ሂስ

በጤና ሙያ ማሠልጠኛዎች የሚሰጠው የጽሑፍ ፈተና በሁለት ዐይነት ጥያቄ ይከፈላል ቢባል ከእውነት አይርቅም። አንደኛው ዐይነት ተማሪው ያጠናውን እንዲመልስ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ዐይነት ግን አንድ ሰው፣ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ቀበሌ የገጠመውን የጤና ችግር በአጭር ታሪክ መልክ አቅርቦ፣ ተማሪው ታሪኩን አንብቦ ችግሩን እንዲለይ፣ ለውሳኔው ምክንያት እንዲሰጥና መወሰድ ያለበትን እርምጃ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ የሚጠይቅ ነው። ይህንኑ ሁለተኛውን ዐይነት መምህራኑም ተማሪዎቹም «ኬዝ ስተዲ» ይሉታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚፈትነው ትዝታን ነው፤ ሁለተኛው የሚፈትነው ንባብን ነው። ተማሪው ከታሪኩ ውስጥ የትኛው ቃል እንደሚመዝን፣ የትኛው እንደማይመዝን፣ አንድ ቃል በሕመምተኛው አፍ ሲነገርና በባለሙያው ብዕር ሲጻፍ ምን ያህል እንደሚለያይ ማወቅ ይኖርበታል። ስለሆነም ጉዳዩ የጤና መምህራን ብቻ ሳይሆን የቋንቋ ባለሙያዎችና የተርጓሚዎችም ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕክምናን ዕውቀት መመርመር አይደለም። ጥያቄው የሚቀርብበትንና መልሱ የሚጻፍበትን አማርኛ መርምሮ፣ ብዙ ጊዜ የተማሪው ድክመት ተብሎ የሚታለፈው ስሕተት ከጥያቄ አውጪው፣ ከተርጓሚውና ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁ እጅ እንደሚጀምር ማሳየት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ የሙያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ፣ የሕመምተኛው ንግግር በሀገር ቋንቋ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ዐሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠልጣኞችን በአንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ 5,000 ያህል ሕዝብ በሚኖርበት ቀበሌ ሁለት ሁለት እያደረገ በጤና ኬላ ሲመድብ፣ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው መንገድ የበለጠ አጭርና የበለጠ የተጨናነቀ ሆነ። ሠራተኛዋ በመመሪያው ያነበበችውን ከእናትየው ቃል ጋር የምታገናኘው በዚያው ሰዓት፣ በዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የፈተናው ጥያቄ ይህን ሥራ በወረቀት ላይ የሚያስለምድ ልምምድ ነው።

ስለ ስያሜው

በቅድሚያ ስያሜው ራሱ ያከራክራል። «ኬዝ» የሚለው የውሰት ቃል በአማርኛ ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ አልቀረም። በጤና ሪፖርት «ሦስት ኬዝ ተመዘገበ» ሲባል ሦስት ሕመምተኛ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት «ኬዝ ቲም» ሲባል የሥራ ክፍል ማለት ነው። በማሠልጠኛ «ኬዝ ሠራን» ሲባል ደግሞ ጥያቄ መለስን ማለት ነው። «የጉዳይ ጥናት» የሚለው አቻ በምርምር ጽሑፎች ዘንድ ተለምዷል፤ በዚያም ቢቀር አይነቀፍም። ነገር ግን «ጉዳይ» ከፍርድ ቤትና ከቢሮ ደጃፍ የወጣ፣ «ባለጉዳይ» የሚለውን ይዞ የሚመጣ ቃል ስለሆነ፣ ለታመመች ሕፃን ታሪክ አይመችም። «የታካሚ ታሪክ» የሚለውም ለአንድ ሰው ሲሆን ይስማማል፤ ጥያቄው ስለ አንድ መንደር የውሃ ጉድጓድ ሲሆን ግን ይጠባል።

«ገጠመኝ» ሰውንም፣ ቤተሰብንም፣ መንደርንም ይይዛል፤ ባለሙያው ፈልጎ ሳይሆን ደርሶበት የሚያገኘውን ነገር ያመለክታል። በጋዜጣ ዐምድ ለቀልድና ለትዝታ መዋሉ እንቅፋት ነው የሚሉ ይኖራሉ። ሆኖም «የገጠመኝ ጥያቄ» ተብሎ በጥምረት ሲነገር ያ ትርጉም ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቀመው ይህንኑ ነው።

አንድ ማሳያ

የሚከተለውን ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ስንል አዘጋጅተነዋል። ይዘቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚጠቀሙበት የሕፃናት ሕመም አያያዝ ሥርዐት ጋር የሚስማማ ነው።

«እናት ሴት ልጇን ወደ ጤና ኬላ ይዛ መጣች። ስለ ዕድሜዋ ስትጠየቅ ‹ዓመቷ ነው› አለች፤ የክትባት ካርዱ ግን 11 ወር እንደሆናት ያሳያል። እናትየው ‹ፀሐይ ላይ አውጥቻት ምች መታብኝ፤ ሦስት ቀን ሆናት ያስላታል፤ ከትናንት ወዲህ ደግሞ ወደ ታች ይላታል› ትላለች። ትኩሳት እንዳልነበራት ተጠይቃ ትናገራለች። ሕፃኗ ጡት ትጠባለች፤ የወሰደችውን ሁሉ አታስመልስም፤ አላንቀጠቀጣትም፤ ነቅታ ትመለከታለች። ሠራተኛዋ አንድ ደቂቃ ሙሉ ስትቆጥር 46 ትንፋሽ አገኘች። ደረቷ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ዓይኖቿ ሰርጉደዋል፤ የሆዷ ቆዳ ሲቆነጠጥ በዝግታ ይመለሳል። ክብደቷ 8 ኪሎ፣ የላይኛው ክንዷ መሐል ዙሪያ 12.1 ሳንቲ ሜትር ነው። እግሮቿ ላይ እብጠት የለም። ሀ) ችግሮቿን ምክንያት በመስጠት መድብ። ለ) ሊወሰድ የሚገባውን እርምጃ ዘርዝር።»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የሚያስተው ግን በሕክምናው ጥልቀት ሳይሆን በአምስትና በስድስት ቃላት ነው።

የእናትየው ቃልና የባለሙያው ቃል

የመጀመሪያው ወጥመድ «ምች» ነው። በሕዝቡ ዘንድ ምች ከፀሐይ መመታት ጋር የተያያዘ፣ በትኩሳት፣ በራስ ምታት ወይም በከንፈር ቁስል የሚገለጽ፣ በዳማከሴ የሚታከም ሕመም ነው። ባለሙያዎች ደግሞ ለሳንባ ብግነት «የሳንባ ምች» የሚል ስም አውጥተው አጽድቀዋል። ስያሜው ሕዝቡ ከሚያውቀው ቃል መነሣቱ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን በአንድ ስም ሁለት ነገር እንዲጠራ አድርጓል። «ምች»ንና «ሳል»ን በአንድ አንቀጽ ያገኘ ተማሪ እጁ ሳያስበው «የሳንባ ምች» ብሎ ይጽፋል። እናትየው ግን የሳንባ ምች አላለችም፤ ፀሐይ ላይ አውጥቻት ነው ያለችው። የእርሷ ቃል የበሽታ ስም ሳይሆን የምክንያት ግምት ነው፤ ለምደባው አይመዝንም።

ሁለተኛው «ዓመቷ ነው» የሚለው ነው። በአማርኛ የዕድሜ አነጋገር «ሞላት» እና «ያዘች» የተለያዩ ናቸው፤ ዓመት የሞላትና ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች አንድ ስትሆን፣ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ደግሞ ሌላ ናት። «ዓመቷ ነው» ሁለቱንም ይሸፍናል። ይህ በሰርግ ቤት ጨዋታ ምንም አይደለም፤ በዚህ ጥያቄ ግን ሁሉም ነገር ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላልሞላት ሕፃን ፈጣን አተነፋፈስ የሚባለው በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ግን 40 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ 46 ትንፋሽ በካርዱ ዕድሜ ሲመዘን ፈጣን አይደለም፤ በእናትየው «ዓመቷ ነው» ሲመዘን ፈጣን ይሆናል። በአንድ ቃል ምክንያት ሕፃኗ የማያስፈልጋትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ትወስዳለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ትምህርት አለ። «ፈጣን» በጋራ አማርኛ መጠን የሌለው ቅጽል ነው፤ በሙያው ግን ወሰኑ በቁጥር የታጠረ ስያሜ ነው። «ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያየውን ተናገረ እንጂ አልመደበም። ተርጓሚ ሙያዊ ቃልን ሲተረጉም ቃሉ የታጠረ ስያሜ ወይም ልቅ ቅጽል መሆኑን ለይቶ ካላሳየ አንባቢውን ያሳስታል።

ሦስተኛው «ወደ ታች ይላታል» የሚለው ነው። ይህ ተቅማጥን በጨዋ ንግግር የሚሸፍን አነጋገር ነው፤ «ወደ ላይ» ትውከትን፣ «ወደ ታች» ተቅማጥን ያመለክታል። ያደገበት አካባቢ ይህን ለማይናገር ተማሪ ግን የተሰወረ ነው። ጥያቄ አውጪው የሕዝቡን ቃል ማስገባቱ ተገቢ ነው፤ ተማሪው ነገ የሚሰማው እርሱን ነውና። ተገቢ የማይሆነው የሕዝቡ ቃል በሥልጠናው ጊዜ ሳይነሣ በፈተናው ላይ ብቻ ሲቀርብ ነው።

«ምልክት» ስለሚባለው

በእንግሊዝኛው የሕክምና ቋንቋ ሕመምተኛው የሚናገረውና መርማሪው የሚያገኘው ነገር በሁለት ስም ይጠራል። በአማርኛ ግን ለሁለቱም «ምልክት» ማለት ተለምዷል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ወደ ሀገራችን ሲገባ በየማስታወቂያው የተዘረዘሩት «ምልክቶች» ሳል፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር እንደነበሩ ይታወሳል። ለሕዝብ ማስታወቂያ ይህ ይበቃል። ለፈተና ግን አይበቃም። አራሚው የተነገረውንና የተገኘውን ለያይቶ እንዲጻፍለት ፈልጎ «ምልክቶቹን ጻፍ» ብቻ ካለ፣ ተማሪው ሁለቱን ቀላቅሎ ሲጽፍ ጥፋተኛው ማን ነው?

አንዳንዶች ለመጀመሪያው «ስሜት»፣ ለሁለተኛው «ምልክት» ይበል ሲሉ ይሰማል። ይህ ለዐዋቂ ሕመምተኛ ሊሠራ ይችላል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስሜት ናቸውና። ለሕፃን ግን ይፈርሳል። ሳሉን የምትናገረው እናትየው ናት፤ የእርሷ ስሜት አይደለም፤ የሕፃኗም ስሜት ሆኖ አልተነገረም። በተጨማሪም «ስሜት» በአማርኛ ወደ ደስታና ወደ ሐዘን የሚያመራ ሰፊ ቃል ነው። ስለዚህ «ምልክት»ን ለጋራ መጠሪያ ትቶ፣ «የተነገረ ምልክት» እና «የተገኘ ምልክት» ብሎ በቅጽል መለየት የተሻለ ነው። ልዩነቱ ምንጩን እንጂ ክብደቱን አይመለከትም። በሕፃናት አያያዝ ሥርዐት የትኩሳት መኖር የሚረጋገጠው በቴርሞሜትር 37.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በመለካት ብቻ አይደለም፤ ትኩሳት እንደነበራት እናትየው ከተናገረችም ይበቃል። የተነገረውን ንቆ የተገኘውን ብቻ የሚጽፍ ተማሪም እንግዲህ ይስታል።

ሁለት ትርጉም የተሸከሙ ስያሜዎች

«አጣዳፊ» የሚለው ቃል በሙያው ድንገት የጀመረንና ዕድሜው አጭር የሆነን ሕመም ያመለክታል። ከ14 ቀን ያነሰ ተቅማጥ አጣዳፊ፣ 14 ቀንና ከዚያ በላይ የሆነው የቆየ ተቅማጥ ይባላል። በጋራ አማርኛ ግን አጣዳፊ ማለት ፋታ የማይሰጥ፣ የሚያስቸኩል ማለት ነው። ስለዚህ «አጣዳፊ ተቅማጥ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ «በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ» ብሎ ይመልሳል። በሌላ በኩል 20 ቀን የሆነው ተቅማጥ «አጣዳፊ አይደለም» ሲባል ቀላል ነው ብሎ ይገምታል። ቃሉ ጊዜን ሲናገር፣ ተማሪው ክብደትን ሰማ። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» አጥሮ «አተት» ከሆነ በኋላ ቃሉን ከስያሜው ማውጣት አይቻልም፤ አተት ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ በሕዝቡ አፍ ገብቷል። የሚቻለው ከስያሜው ውጭ ያለውን መንገድ መዝጋት ነው። «አጣዳፊ» ለጊዜ ብቻ፣ «አስቸኳይ» ለእርምጃ ብቻ፣ «ከባድ» ለደረጃ ብቻ ይዋሉ።

«ድርቀት» ከዚህ የባሰ ነው። ለሰውነት ፈሳሽ እጥረት «ድርቀት» የሚሉ ትርጉሞች አሉ። ሕዝቡ ግን ድርቀት ሲል የሆድ ድርቀት ማለቱ ነው፤ ይህም የተቅማጥ ተቃራኒ ነው። «ተቅማጥና ድርቀት ያለባት ሕፃን» የሚል ጥያቄ ለአንባቢው እርስ በርሱ የሚጋጭ ይሆንበታል። ርዝመቱን ታግሦ «የፈሳሽ እጥረት» ማለት ይሻላል።

«የደም ግፊት»ም እንዲሁ መለኪያውንም በሽታውንም ይጠራል። «የደም ግፊቱ 120/80 ነው» ሲባል ልኬት ነው፤ «ደም ግፊት አለበት» ሲባል በሽታ ነው። ደም ግፊት የሌለው ሕያው ሰው ግን የለም። በጥያቄ ውስጥ በሽታው «ከፍተኛ የደም ግፊት» ተብሎ ካልተለየ፣ «የደም ግፊት እንዳለበት በምን ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ለጠንቃቃ ተማሪ መልስ የሌለው ይሆናል።

«ነቀርሳ»ን ደግሞ ተርጓሚዎች ያውቁታል። ቃሉ ለካንሰር ሲያገለግል ኖሯል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን የሚታሰበው ቲቢ ነው። እንግዲህ በሳንባ ላይ የወጣን ካንሰር ምን ብለን እንጥራ? በዚህ ቦታ «ቲቢ» እና «ካንሰር» የሚሉት የውሰት ቃላት ከሀገር ቃሉ ይልቅ ግልጽ ናቸው፤ ተለምደዋልም። የሀገር ቃል መውደድ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ አንዱን በሽታ ከሌላው የማይለይ የሀገር ቃል ለሕመምተኛው ባለውለታ አይሆንም።

የትእዛዝ ግሦች

ጥያቄውን የሚያዝዘው ግሥ ነው፤ ግሦቹ ግን በማሠልጠኛ መምህራን ዘንድ ስምምነት የላቸውም። «ዘርዝር» የሚለውን እንውሰድ። ብር ዘረዘረ ሲባል ትልቁን ወደ ትናንሽ መለወጥ ነው። ከዚህ ሁለት መንገድ ይወጣል፤ አንደኛው ነጥቦችን በተራ ማስቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው «በዝርዝር» እንደሚባለው እያንዳንዱን አፍታትቶ ማስረዳት ነው። አንዱ ተማሪ አምስት ቃላት ጽፎ ይወጣል፤ ሌላው ሦስት ገጽ ጽፎ ጊዜ ያልቅበታል። ሁለቱም ግሡን በትክክል ፈትተዋል።

«ግለጽ» እና «አብራራ»ም ይምታታሉ። የመጀመሪያው ከመግለጥ፣ የተሸፈነውን ከማሳየት ይመጣል፤ ሁለተኛው ከብርሃን፣ ጨለማውን ከማንሣት። በዚሁ መሠረት «ግለጽ» ነገሩ ምን እንደሆነ፣ «አብራራ» ለምን እንደዚያ እንደሆነ መናገር ቢሆኑ ልዩነቱ ከሥረ መሠረታቸው ይስማማል። «ገምግም» ደግሞ በመሥሪያ ቤት ስብሰባዎች የሂስና የግለ ሂስን ጠረን ተሸክሟል። ስለዚህ «የሠራተኛዋን እርምጃ ገምግም» የተባለ ተማሪ ጥፋት ብቻ ሲፈልግ ይታያል፤ ጥያቄው የፈለገው ግን መልካሙንም ጉድለቱንም መዝኖ መፍረድን ነበር። «መዝን» የሚለው ቀላል ቃል ይህን ሳያዛባ ያደርሳል።

እስከዚያው ድረስ ተማሪው ሊይዘው የሚችል አንድ ምርኩዝ አለ። በጥያቄው ግርጌ የተመለከተው የነጥብ ብዛት የግሡን ስፋት ይጠቁማል። ለአራት ነጥብ የቀረበ «ዘርዝር» አራት ነገር ይፈልጋል፤ ለዐሥር ነጥብ የቀረበው ከነምክንያቱ ይፈልጋል።

የመልሱ ዐረፍተ ነገር

እስካሁን ያልነው ስለ ጥያቄው ነው። መልሱም የራሱ ሕመም አለበት። ከሁሉ የሚከፋው የተውላጠ ስም መደራረብ ነው። በማሳያችን ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ፤ ሕፃኗ፣ እናትየውና ሠራተኛዋ። አማርኛ ባለቤቱንና ተሳቢውን በግሡ ላይ ስለሚሸከም፣ «መድኃኒቱን በቀን አንድ ጊዜ እንድትወስድ ትነግራታለች» የሚል መልስ በሰዋስው ረገድ ምንም እንከን የለበትም። ማን ናት የምትወስደው? ልጁ ወንድ ቢሆን ግሡ ራሱ ይለይልን ነበር፤ ሴት ስትሆን ግን ቋንቋው አይረዳንም። በዚህ ዐይነት ጽሑፍ ስሙን መደጋገም ነውር አይደለም። የቅኔ ቤት ጆሮ «ሕፃኗ፣ ሕፃኗ» መባሉን ይጠላው ይሆናል፤ የጤና ኬላ ጆሮ ግን ይፈልገዋል።

ሁለተኛው ባለቤቱን የሚሰውረው ተገብሮ ግሥ ነው። «ፈሳሽ ይሰጣታል፤ ክትትል ይደረግላታል» የሚለው መልስ ማን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚሉትን ሦስቱንም ያመልጣል። ሦስተኛው የግዴታ ደረጃ ነው። «መስጠት ይቻላል»፣ «መስጠት ይገባል»፣ «መስጠት አለባት» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአደጋ ምልክት ላለበት ሕፃን «ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይቻላል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ትሕትና ያሳየ መስሎት ግዴታውን አፍርሷል።

እንግዲህ የማሳያው መልስ ይህን ሊመስል ይችላል፤

«ሀ) የሕፃኗ ዕድሜ በካርዱ 11 ወር ነው፤ ለዚህ ዕድሜ ፈጣን አተነፋፈስ 50 ወይም ከዚያ በላይ ነው። የሕፃኗ ትንፋሽ 46 ስለሆነ፣ የደረት መሰርጎድም የአደጋ ምልክትም ስላልተገኘ፣ ሳሉ የሳንባ ምች አይደለም፤ ሳል ወይም ጉንፋን ተብሎ ይመደባል። ተቅማጡ ከ14 ቀን በታች ስለሆነ አጣዳፊ ነው። የዓይን መሰርጎድና የቆዳ በዝግታ መመለስ ሁለት ምልክቶች ስለሆኑ መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት አለባት። የክንዷ ዙሪያ ከ11.5 እስከ 12.5 ሳንቲ ሜትር ባለው መካከል ስለሆነ፣ እብጠትም ስለሌለ፣ መካከለኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት አለባት። ለ) ሠራተኛዋ ለሕፃኗ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አትሰጥም። በጤና ኬላው ውስጥ ለሕፃኗ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ሒሳብ 600 ሚሊ ሊትር ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጣት ታደርጋለች፤ ከዚያም ሕፃኗን እንደገና ትመረምራለች። እናትየው ለሕፃኗ 20 ሚሊ ግራም ዚንክ በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ቀን መስጠት አለባት። ሠራተኛዋ ጡት ማጥባቱ እንዲቀጥል፣ ተጨማሪ ምግብ እንዴት እንደሚሰጥና የትኛው ምልክት ሲታይ በአስቸኳይ ሕፃኗን ይዞ መመለስ እንደሚገባ ለእናትየው ትነግራለች።»

በዚህ መልስ ውስጥ የሚያምር ዐረፍተ ነገር የለም። እያንዳንዱ ውሳኔ ግን ከታሪኩ በተወሰደ ማስረጃ ላይ ቆሟል፤ «ስለሆነ» የሚለው ቃል መደጋገሙም ለዚሁ ነው። የገጠመኝ ጥያቄን አመላለስ በአንድ ቃል ማስተማር የሚፈልግ መምህር «ስለሆነ»ን ያስተምር።

ስለ ተቃውሞውና ስለ መፍትሔው

ይህን ሁሉ ድካም ለማስቀረት ስያሜዎቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ መተው አይሻልም ወይ የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብ እናውቃለን። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የመጻሕፍቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ የሀገር ስያሜዎቹ በየትርጉሙ ይለዋወጣሉ፤ ተማሪው አንድ መጽሐፍ ላይ «ድርቀት»፣ ሌላው ላይ «የፈሳሽ እጥረት» ሲያገኝ ቢሰለች አይፈረድበትም። ሆኖም የውጭው ቃል ችግሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም። በጽሑፉ ላይ በእንግሊዝኛ ትክክል የጻፈች ሠራተኛ፣ በማግስቱ ለእናትየው በአማርኛ መንገር አለባት፤ ያን ጊዜ ያልተዘጋጀ ቃል ከአፏ ይወጣል። የስያሜ ሥራ በመጽሐፍ ደረጃ ካልተሠራ በጤና ኬላ ደረጃ፣ በየሰዉ ግምት መሠራቱ አይቀርም።

አካዳሚው ቀደም ሲል የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን በአማርኛ የማዘጋጀት ሰፊ ሥራ አከናውኗል። የዚያ ሥራ ጥቅም አከራካሪ አይደለም፤ ነገር ግን ለአንድ የውጭ ቃል አንድ አቻ መደርደር ለገጠመኝ ጥያቄ አይበቃም። የሚያስፈልገው ባለ ሦስት ዐምድ መዝገብ ነው። በመጀመሪያው ዐምድ ሕዝቡ የሚለው ከነአካባቢው፣ በሁለተኛው ባለሙያው የሚለው ከነወሰኑና ከነቁጥሩ፣ በሦስተኛው ሁለቱ የሚለያዩበት ነጥብ ይጻፍ። «ምች»፣ «ወደ ታች»፣ «ዓመቷ ነው»፣ «ልቤን ያመኛል» የሚሉት ያለ ሦስተኛው ዐምድ ሊተረጎሙ አይችሉም። ልቤን ያመኛል የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመው የሆዱ አፍ መሆኑን የማይነግር መዝገበ ቃላት ተርጓሚውን ወደ ልብ ሐኪም ይልከዋል።

በተጨማሪ ሦስት ነገሮች ቢፈጸሙ እንላለን። አንደኛ፣ ማሠልጠኛዎች የትእዛዝ ግሦችን ፍቺ በአንድ ገጽ አዘጋጅተው ከፈተናው በፊት ለተማሪው ይስጡ፤ አራሚውም በዚያው ገጽ ይታሰር። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም ትርጉሙን የጤና ባለሙያና የቋንቋ ባለሙያ አብረው ይዩት፤ ለብቻቸው ካዩት አንዱ ወሰኑን፣ ሌላው አነጋገሩን ይስታል። ሦስተኛ፣ የእርማት መምሪያው ተማሪው ትክክለኛውን ነገር በሕዝብ ቃል ጽፎ እንደሆነ ምን ያህል ነጥብ እንደሚገባው አስቀድሞ ይወስን። «የሆድ መቅለል» ብሎ ተቅማጥን የጻፈና ጨርሶ ያላወቀ እኩል ዜሮ ሊያገኙ አይገባም።

የመዝገበ ቃላት ሥራ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ዓመታት የሚወስድ፣ ስሕተቱም በቀጣዩ እትም የሚታረም ሥራ ነው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ግን ቀጣይ እትም የላትም። እናትየው ፊት ለፊቷ ቆማ «ምች ነው?» ስትላት የምትመልሰው ያን ጊዜ ነው፤ የምትመልሰውም በሰጠናት ቃል ነው።